ሁለት ጊዜ የማይጠየቅበት ደሴት

የወይዘሮ ሃሴት ወንድይፍራው የደሴት ተራ የደረሰው በ2097 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ሱቋ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ እየሰፋች ሳለ ነው። ካመለከተች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። መልእክቱን አንብባ እልል አለች፤ ከዚያ "ስሕተት ቢሆንስ?" ብላ አፏን ያዘች፤ ደግማ አነበበችውና እንደገና እልል አለች። ያን ዕለት የሰፋቻቸው ሁለት እጅጌዎች ሁለቱም የቀኝ ሆነው ተገኙ።

በዚያ ዘመን ፎቶና ቪዲዮ የሚያምን ሰው ከጠፋ ቆይቶ ነበር። ማንም ሰው የፈለገውን ምስል በሁለት ደቂቃ ይሠራል፤ ስለዚህ ሠርግ ላይ እንኳ ሦስት ሰው "ሙሽሮቹን በዓይኔ አይቻለሁ" ብሎ ካልፈረመ ጋብቻው አይጸናም። ሰው ሁሉ ነገሩን በዓይኑ ሊያይ ከቤቱ ወጣ። ተራራውን፣ ፏፏቴውን፣ ባሕሩን። ወጣ፣ ወጣና ደሴቶቹ እግር ማሳረፊያ አጡ። መጨረሻ ላይ በራቸውን ዘግተው ተራ አወጡ፦ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ደሴት፣ አራት ቀን፣ በሕይወት አንዴ።

ሃሴት የመረጠችው ሉማሪን ነው። ሉማሪ ከሕንድ ውቅያኖስ መካከል ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ በዓመት አንድ ወር በአጠገቧ ዓሣ ነባሪ ያልፋል። ሌላ ምክንያት አልነበራትም። ለምን ዓሣ ነባሪ ማየት እንደምትፈልግ ሲጠይቋት "ኧረ እኔ እንጃ! ትልቅ ስለሆነ ነዋ!" ትላለች። ሠላሳ ሜትር የሚሆን ፍጡር ይተነፍሳል፣ ልጁን ያጠባል ሲባል ከልጅነቷ ጀምሮ ልቧ ድው ድው ይላል። ሠላሳ ሜትር ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ሠላሳ ሜትር ጨርቅ አንድ ክፍል ተማሪ ያለብሳል።

ባሏ አቶ ኪሩቤል ግን ዓሣ ነባሪ የሚባል ነገር መኖሩን አያምንም። በዚህ ብቻውን አይደለም፤ የሰፈሩ ግማሽ እንደሱ ነው። አውቶቡሶች ሹፌር አንፈልግም ሳይሉ በፊት ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ሃያ ሁለት ዓመት የነዳ ሰው ነው።

"ላም የሚያክል ዓሣ ካልሽኝ እሺ፣ ይሁን። ሁለት አውቶቡስ ተገጣጥሞ የሚያክል እንስሳ ግን፣ ሃሴትዬ፣ እሱን እንኳ ተይው። ያላየሁትን አላምንም።"

"እናያለና!"

"ካየነውማ አምናለሁ። ማን ይጠላል?"

እቅዱን ለማውጣት ሁለት ወር ፈጀባቸው። ሃሴት የደሴቲቱን ካርታ በመቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ በልብስ ጠመኔ መንገድ ታሰምራለች፤ ኪሩቤል ከጎኗ ቆሞ ያጠፋል። የመጀመሪያው ቀን ከተማው፣ ሁለተኛው ጫካው፣ ሦስተኛው ውሃ የዋጠው አሮጌው ወደብና ኮረብታው፣ አራተኛው ዓሣ ነባሪ።

"ይህ አቀበት ከአንድ ሰዓት በታች አይወጣም" ይላል ኪሩቤል።

"መኪናው እኮ ራሱ ነው የሚሄደው።"

"መኪናው ራሱ ይሂድ፤ አቀበቱ ግን አቀበት ነው!"

ከደሴቲቱ የመጣው ሕግ ስልሳ አንድ አንቀጽ ነበረው። ጮክ ብለው አነበቡት። ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ አሸዋ በጫማ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። አንቀጽ አራት ደግሞ "እንግዳ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አይጠየቅም" ይላል። ድሮ ቱሪስት በሻጭና በአስጎብኚ ጭቅጭቅ ስለተማረረ የወጣ ሕግ ነው። ኪሩቤል ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ።

"ይኸውልሽ ሥርዓት ማለት! እኛ መናኸሪያ እንኳን ሁለት ጊዜ፣ ሻንጣህን ነጥቀው ነበር እኮ የሚጠይቁህ!"

ደስ ብሏቸው ወደ አንቀጽ አምስት አለፉ። አንቀጽ አራት ደብረ ብርሃን ተወልዶ ላደገ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለአፍታ እንኳ አላሰቡም።

ሉማሪ ሲያርፉ በእያንዳንዳቸው ኮሌታ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል፣ የምትናገር ነገር ተለጠፈች። አጃቢ ትባላለች። አማርኛዋ የዜና አንባቢ አማርኛ ነው፤ አንድ ፊደል አትስትም።

"እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ ሃሴት። ዘጠና ስድስት ሰዓት አለዎት። ባሕሩ በስተግራዎ ነው።"

ሃሴት ወደ ግራ ዞረች። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ባሕር አይታ አታውቅም። የሰማችው ሁሉ ልክ ነበር፤ ማለቂያ የለውም። "ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!" እያለች የኪሩቤልን ክንድ ጨምድዳ ያዘች፤ እሱም ባርኔጣውን አወለቀ። ስድስት ደቂቃ ሲሞላ አጃቢዋ "እይታዎ አልቋል፤ ቦታውን ለሚቀጥለው እንግዳ ይልቀቁ" አለች። ከኋላቸው ሌሎች ባልና ሚስት ተራቸውን ይዘው ቆመዋል። ደሴቲቱ ላይ ሁሉም እይታ ስድስት ደቂቃ ነው።

ሆቴል እንደገቡ አጃቢዋ ጠየቀች።

"ቁርስ ይፈልጋሉ?"

"ኧረ አይ፣ አትቸገሩ፣ በልተናል" አለች ሃሴት፣ ባዶ ሆዷን። ጨዋ ሰው የሚለውን ነው ያለችው። ቀጥሎ "እንዴት ተደርጎ! ትንሽ እንኳ ቅመሱ" እስኪባል ጠበቀች።

"ተመዝግቧል" አለች አጃቢዋ።

ኪሩቤል ትራስ ይጨመርልዎ ሲባል "አይ፣ ይበቃኛል" አለ። ተመዝግቧል። መኪና ውስጥ በመስኮት በኩል ይቀመጡ ሲባሉ "ግድ የለም፣ የትም ይሁን" አሉ። ተመዝግቧል። ጃንጥላ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ የጸሐይ ባርኔጣ፤ ሁሉንም በትሕትና "አይ" አሉ፤ ሁሉም ተመዘገበ። ያን ቀን ከተማውን የጎበኙት መካከል ወንበር ላይ ተጣበው፣ ጥም እያቃጠላቸው፣ በሰው ትከሻ ላይ እያንጋጠጡ ነው። ቢሆንም አልተከፉም። የደሴቲቱ መኪኖች መንገድ ዳር ትንሽ የቆመን ሰው ሁሉ መሄድ የፈለገ ይመስላቸውና መጥተው በራቸውን ይከፍታሉ። ሃሴት አበባ ለማየት ቆም ባለች ቁጥር መኪና እየመጣ ሲከፍትላት "አይ ወንድሜ፣ ሂድ፣ እግዜር ይስጥልኝ" እያለች አሥራ አራት መኪና አሰናበተች። ኪሩቤል ደግሞ የተሳፈሩበት መኪና ቁልቁለት በያዘ ቁጥር የሌለ ፍሬን ይረግጣል።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ቤት ሲገቡ የሰው ሁሉ ጠረጴዛ ሞልቷል። የነሱ ላይ አበባ ብቻ ነበር።

"ምነው፣ የኛ ይዘገያል?" አለ ኪሩቤል።

"ለአራቱም ቀን ቁርስ እንደማይፈልጉ ተመዝግቧል" አለች አጃቢዋ።

"እንዴ! አንድ ጊዜ እኮ ነው አይ ያልነው! ደግመሽ አትለምኚም? ትንሽ 'በሞቴ' አይባልም? 'አፈር ስሆን' አይባልም?"

"አንቀጽ አራት" አለች አጃቢዋ።

ባልና ሚስቱ ተያዩ። መጀመሪያ ሃሴት ፈነዳች፤ ቀጥሎ ኪሩቤል። በሳቅ እንባቸው እስኪመጣ፣ በባዶ ሆዳቸው፣ አበባውን መካከላቸው አድርገው ሳቁ።

"በቃ" አለች ሃሴት ዓይኗን እየጠረገች፣ "ከዛሬ ጀምሮ እሺ ነው። ምንም ይጠይቁን፣ እሺ!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደብረ ብርሃን ላይ ቢያወሩት የሚያምናቸው የለም፤ ማስረጃ እንዳይሉ ፎቶ ዋጋ የለውም። እሾሃም የባሕር ፍጥረት ከነነፍሱ ተሰንጥቆ ሲቀርብላቸው እሺ ብለው ዋጡ። ጫካው ውስጥ ከዛፍ ዛፍ በተወጠረ ገመድ መንሸራተት ይፈልጋሉ ሲባሉ እሺ አሉ፤ ሃሴት የቅዱሳንን ስም በሙሉ እየጠራች ወረደች፤ ታች ስትደርስ "እንደገና!" አለች። ኪሩቤል የዋና ትምህርት እሺ ብሎ ወገቡ በማይደርስ ውሃ ውስጥ ሰጠመ። ደስታ አላስቀምጥ አላቸው። ሃሴት በወጣትነቷ እንኳ በአንድ ቀን ይህን ያህል ነገር አልነካችም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሥሩ መስታወት በሆነ ጀልባ አሮጌውን ወደብ አዩት። ባሕሩ ከፍ ሲል የዋጠው ነው። መንገዱ እንዳለ አለ፤ የመንገድ መብራት አለ፤ የአንድ ትምህርት ቤት አጥር አለ። ኪሩቤል ጎንበስ ብሎ ጣቱን መስታወቱ ላይ አደረገ።

"ይሄ ፌርማታ ነው" አለ ቀስ ብሎ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ትናንሽ ዓሦች ይመላለሳሉ። "እዚህ ሰው ቆሞ አውቶቡስ ይጠብቅ ነበር።"

ስድስት ደቂቃው አልቆ ጀልባው ሲዞርም ወደ ኋላ እያየ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ዓሣ ነባሪው ሲነሣ መቀለዱን ተወ። "ባሕር ከተማ ከዋጠ፣ እንግዲህ ምን አውቃለሁ" አለ። "እኔም ባየው ደስ ይለኛል።"

ከምሳ በኋላ ኮረብታው ላይ ወጥተው ባሕሩን ቁልቁል እያዩ ሳለ ሁለቱም አጃቢዎች እኩል ተናገሩ።

"ለነገ ማለዳ በዓሣ ነባሪ ጀልባ ላይ ለቤተሰብዎ አንድ ቦታ አለ። ይፈልጋሉ?"

አንድ። ሁለት ወር ካርታ ላይ ሲያሰምሩ ቁጥሩ አንድ ሊሆን እንደሚችል አላሰቡም ነበር። ለሁሉም ነገር እሺ ማለት የለመደችው የሃሴት አፍ፣ ይህን ስትሰማ ወደ አርባ አንድ ዓመት የትዳር ልማዱ ተመለሰ።

"ለእሱ ይሁን" አለች።

"ለእሷ ይሁን" አለ ኪሩቤል፣ በዚያችው ቅጽበት።

"ሁለታችሁም አልፈለጋችሁም" አሉ አጃቢዎቹ። "ተመዝግቧል።"

ሃሴት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቃ፣ ባሕር ተሻግራ፣ በሁለት ቃል ጣለችው። ኪሩቤል ኮሌታውን ይዞ አጃቢዋን ይቆጣት ጀመር። ሲለፋ፣ ሲለፋ በመጨረሻ አንድ መልስ አገኘ።

"እንግዳ ሁለት ጊዜ አይጠየቅም። እንግዳው ራሱ ግን መጠየቅ ይችላል፤ ለራሱ ብቻ። ጀልባው ከመነሣቱ በፊት፣ ጀልባ ነጂዋ ፊት፣ በገዛ አፉ።"

"እኔ ለሚስቴ ልጠይቅ?"

"ለራሱ ብቻ።"

"ያው፣ አለቀ!" አለ ኪሩቤል ፊቱ በርቶ። "ነገ ሄደሽ እፈልጋለሁ ትያለሽ።"

"አንተ በል እንጂ። የማታምነው አንተ ነህ፤ ማየት ያለብህ አንተ ነህ።"

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሽው አንቺ ነሽ!"

"እኔማ ባላየውም አምናለሁ።"

እስኪመሽ ተጨቃጨቁ። እንዲህ ባለ ጭቅጭቅ ሃሴት ተሸንፋ አታውቅም። ሥጋ ሲቆረጥ ወፍራሙን ለእሱ፣ ብርድ ልብስ ሲጠብ ጫፉን ለእሱ፣ ልጆቹ ቤት ሳሉ ደግሞ ሁሉንም ለልጆቹ። "እኔ ልውሰደው" የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ ቢወጣ የምትሞት ይመስላታል።

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደቡ ላይ ነበሩ። ሌሎችን እንሸኝ ብለው ነው የመጡት፤ ቢያንስ ለራሳቸው ያሉት እንደዚያ ነው። ጀልባዋ አሥራ ሁለት ወንበር አላት። አሥራ አንዱ ተይዟል፤ አንዱ ባዶ ነው። ጀልባ ነጂዋ ማሪሴል ትባላለች፤ ክንዷ የደነደነ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ባዶው ወንበር የማን እንደሆነ ታውቃለች። "ነይ ግቢ" ብትል ግን የሥራ ፈቃዷን ይነጥቋታል። ስለዚህ የታሰረውን ገመድ ፈታችው፤ መልሳ አሰረችው። ደረቁን ጀልባ ውሃ እንዳለበት በባልዲ ቀዳች። ቀና ብላ ሃሴትን አየቻት፤ ደግሞ ገመዱን ፈታችው።

"ኪሩቤል፣ በናትህ ጠይቅ" አለች ሃሴት።

"አልጠይቅም። ምያለሁ።"

"በማን?"

"በልጆቻችን። ወይ አንቺ ትሄጃለሽ፣ ወይ ወንበሩ ባዶውን ይሄዳል።"

"አንተ ክፉ ሰው! በልጆቼ ይማላል?"

"ክፉ ነኝ" አለ ኪሩቤል፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ወደ ሰማይ ማየት ጀመረ።

ማሪሴል ሞተሩን አስነሣች። የመጨረሻው ገመድ እጇ ላይ ነው፤ አልለቀቀችውም። ጀልባው ውስጥ ያሉት ሰዎች ያጉረመርማሉ። ሃሴት አፏን ከፈተች። ፊቷ እሳት ሆነ፤ ሰፈሩ ሁሉ፣ የሞተችው እናቷ ጭምር፣ ወደቡ ላይ ተሰብስበው የሚያዩዋት መሰላት።

"እኔ..." አለች። ከሞተሩ ድምፅ በላይ አልወጣም። ማሪሴል አንገቷን አሰገገች፤ መጠየቅ ግን አትችልም።

"እኔ እፈልጋለሁ!" ብላ ጮኸች ሃሴት። "እኔ! ለራሴ! ማየት እፈልጋለሁ!"

ወደቡ በሙሉ ዞረ፤ አጃቢዋም ቃሉን ለማሪሴል ተረጎመች። ማሪሴል ያን የደነደነ ክንዷን ዘርግታ ልክ እንደ ሕፃን አንሥታ ጀልባው ውስጥ አስቀመጠቻት። ኪሩቤል ከኋላ ሲያጨበጭብ ተሰማት፤ ዞራ ለማየት ግን አፈረች።

ባሕሩ ላይ የተፈቀደላቸው አርባ ደቂቃ ነው። ሠላሳው ምንም ሳይታይ አለፈ። ሃሴት ከእንጨቱ ጠርዝ እጇን አታነሣም። ከፊት የተቀመጠ ሰውዬ "ድሮም ስዕል ነው" እያለ ሲያንሾካሽክ አጃቢዋ ተረጎመችላት። ለዚህ ነው የኪሩቤልን ወንበር የቀማሁት? አለች በልቧ። እንባዋ መጣ።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። የእርጥብ ድርቆሽና የዓሣ ሽታ። ከዚያ የአውቶቡስ ፍሬን ሲለቀቅ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ፣ ግን አንድ መቶ ጊዜ የበለጠ፤ ነጭ ትንፋሽ ሽቅብ ወጥቶ ፊታቸው ላይ ዘነበ። ከጎናቸው ውሃው ተከፈለና ጀርባው ወጣ። ሃሴት ሳታውቀው መለካት ጀመረች። አንድ ሜትር፣ ሁለት፣ ሦስት። ግራጫ ሰማያዊ፣ ጠባሳ ያለበት፣ የሚያብረቀርቅ። ዘጠኝ። አሥር። ያልፋል፣ ያልፋል፣ አሁንም ያልፋል። አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ከእናቲቱ ጎን ልጇ ብቅ አለና ተነፈሰ፤ ሃሴት ቁጥሩ ጠፋባት።

"እሰይ! እሰይ እናቴ!" እያለች በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ያዘች። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፤ ያ "ስዕል ነው" ያለው ሰውዬ እጇን ይዞ እሱም ያለቅሳል። ማንም ፎቶ አላነሣም። ጅራቱ ተነሣ፣ ውሃው እየወረደበት ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ያለ አንዳች ድምፅ ገባ። "እይታዎ አልቋል" አለች አጃቢዋ፤ የሰማት የለም።

ሲመለሱ ወደቡ ከሩቅ እንደታየ ሃሴት ኪሩቤልን አሰበች። ብቻውን ነው የቆየው። ምን ልበለው? ከድግስ የተመለሰ ጨዋ ሰው ለቀረው ሰው የሚለው የታወቀ ነው። "ያን ያህልም አይደለም፤ ምንም አልቀረብህም" እላለሁ ብላ ወሰነች። በልቧ ሦስት ጊዜ ተለማመደችው። ፊቷንም በነጠላዋ ጠራረገች፤ ደስታው እንዳይታወቅባት።

ኪሩቤል ወደቡ ጫፍ ላይ ቆሟል። ከአጠገቡ ቦታ ያልደረሳቸው እንግዶች ተኮልኩለዋል፤ አንዳንዶቹ ከአሁኑ አፋቸውን አሹለው ያፌዛሉ። እሱ ግን ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ በዓይኑ ፈልጎ ፈልጎ እሷን ሲያገኝ ፊቱ በሙሉ ተከፈተ። ያን ፊት ስታይ የተለማመደችው ሁሉ ጠፋባት። ጀልባው ሳይቆም ተነሥታ ቆመች፤ ማሪሴል ቀሚሷን ከኋላ ያዘችላት።

"አለ!" ብላ ጮኸች። "ኪሩቤል! አለ! እውነት ነው! አለ!"

"ምን ያህላል?" ብሎ ጮኸ።

"ለክቼ አልጨረስኩትም!"

ያላየሁትን አላምንም ሲል የኖረው ኪሩቤል ወደ ባሕሩ እንኳ አላየም። ወደ ሰዎቹ ዞሮ ባርኔጣውን አየር ላይ አነሣ። ሰዎቹ ከአማርኛ አንድ ቃል አያውቁም፤ እሱ ግን ደረቱን ነፍቶ ለእያንዳንዳቸው እየዞረ ነገራቸው።

"አለ! ሰማችሁ? ዓሣ ነባሪ አለ! ሚስቴ አይታዋለች!"